ፒቲ2399፣ ኤፍቪ-1 ወይስ ዴዚ ሲድ? በእጅ ለሚገጣጠም ዲጂታል ኢፌክት የኪት ንጽጽር

ዲጂታል የድምፅ ኢፌክት (ለምሳሌ ለጊታር ማሚቶ የሚጨምር መሣሪያ) ገጣጥሞ ለመሥራት ኪት፣ ማለትም ክፍሎቹ ተሟልተው የሚሸጡበት ጥቅል፣ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ሳጥኑ ላይ ነው፤ ቀለሙ፣ የማዞሪያዎቹ ብዛት፣ «16 ኢፌክት» የሚለው ጽሑፍ። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የቺፑን ስም ፈልጉ እላለሁ። ሬዚስተሩ፣ ካፓሲተሩና በእግር የሚረገጠው ማብሪያ ከአንዱ ኪት ወደ ሌላው ብዙም አይለያዩም። ድምፁን፣ የብየዳውን ክብደትና ነገ ሐሳባችሁን ብትለውጡ መሣሪያው አብሯችሁ መለወጥ አለመለወጡን የሚወስነው መሃል ላይ የተቀመጠው ቺፕ ነው። ሦስቱን፣ ማለትም ፒቲ2399 እና ኤፍቪ-1 የተባሉትን ቺፖችና ዴዚ ሲድ የተባለውን ቦርድ፣ ለማወዳደር ደግሞ አንድ ጥሩ መለኪያ አለ፦ የሰማውን ድምፅ ለምን ያህል ጊዜ ይዞ ማቆየት ይችላል?

ፒቲ2399 የሚይዘው የሰከንድ አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። መጀመሪያ ለካራኦኬ ማሚቶ እንዲሰጥ የተሠራ፣ 16 እግር ያለውና በ5 ቮልት የሚሠራ ቺፕ ነው። በ6ኛው እግሩ ላይ የሚገባው ሬዚስተር ሲለወጥ የማሚቶው መዘግየት ከ30 እስከ 340 ሚሊ ሰከንድ ድረስ ይሄዳል። ይህ ለሙዚቃ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዜማ አንድ ምት 500 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል፤ ስለዚህ ይህ ቺፕ ሙሉ ምት ጠብቆ መመለስ አይችልም፣ ግማሽ ምት ግን በምቾት ይመልሳል። መዘግየቱ በረዘመ ቁጥር የቺፑ ውስጣዊ ፍጥነት ስለሚቀንስ ሹክሹክታና ሻካራነት ይጨምራል። ብዙ ጊታር ተጫዋቾች የሚወዱትም ይህንኑ ነው፤ ማሚቶው እየራቀ ሲሄድ እየደበዘዘ ይሞታል።

ለመጀመሪያ ጊዜ መበየጃ ለሚይዝ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የቺፑ እግሮች ሰፊ ናቸው፤ በሶኬት ላይ ስለሚቀመጥም መጀመሪያ ሶኬቱ ላይ 5 ቮልት መድረሱን ለክቶ ከዚያ ቺፑን መሰካት ይቻላል። ኪቱን ስትመርጡ ግን 6ኛውን እግር በሥዕሉ ላይ ተመልከቱ። ከማዞሪያው ጋር በተከታታይ ቢያንስ 1 ወይም 2 ኪሎ ኦም የሚሆን ቋሚ ሬዚስተር ከሌለ፣ ማዞሪያው ወደ አጭሩ ጫፍ ተጠምዝዞ ሳለ ኃይል ሲሰጠው ቺፑ ደርቆ ሊቀር ይችላል።

ኤፍቪ-1 አንድ ሙሉ ሰከንድ ይይዛል። የስፒን ሰሚኮንዳክተር ሥራ ነው፤ ድርጅቱን ያቋቋመው ኪዝ ባር ቀደም ሲል የሙዚቃ መሣሪያ አምራቹ የአሌሲስም መሥራች ነበር፤ ሪቨርብን (በሰፊ አዳራሽ ውስጥ እንደሚሰማው ያለ የድምፅ ነጸብራቅ) በርካሽ ለብዙ ሰው ማድረስ የዕድሜ ልክ ሥራው ነበር ማለት ይቻላል። ቺፑ ልክ በእጅ ሰዓት ውስጥ እንዳለው ባለ ክሪስታል እየተመራ ድምፁን በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይለካል፤ በእያንዳንዱ ልኬት 128 ትእዛዝ ይፈጽማል። በዚህ ፍጥነት ከ16 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለ ቀጭን ድምፅ ሊያልፍበት አይችልም፤ ለጊታር ይህ ጉዳት የለውም፣ ለሙሉ ቅጂ ማጣፈጫ ግን ይሰማል።

«16 ኢፌክት» የሚለው ጽሑፍም የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ቺፕ ነው፦ 8 ፕሮግራም በውስጡ ተቀርጾ ይመጣል፣ ሌላ 8 ደግሞ ከጎኑ በሚቀመጥ ትንሽ ሜሞሪ ይጨመርለታል። ከውስጠኞቹ 8 አንዱ መፈተኛ እንጂ ኢፌክት አይደለም። ከቁጥሩ ይልቅ የጎኑ ሜሞሪ በሶኬት ላይ መሆኑን ጠይቁ። በሶኬት ላይ ከሆነ ነቅላችሁ ሌላ በመሰካት ብቻ መሣሪያውን አዲስ ታደርጉታላችሁ፤ ከተበየደ ግን ኪቱ ይዞት ከመጣው ጋር ኖራችሁ ትቀራላችሁ።

ችግሩ ብየዳው ነው። 28 እግሮቹ ትንንሽ ናቸው፣ በቦርዱ ገጽ ላይ ተኝተው ይበየዳሉ፣ ኃይሉም 3.3 ቮልት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ኪቴ ሁለት እግሮች ተያይዘውብኝ ስሕተቱን እስካገኝ አንድ ሙሉ ምሽት ፈጅቶብኛል፤ በመጨረሻ ያገኘሁትም በማጉያ መነጽር ነው። ቺፑ ቀድሞ ተበይዶ የሚመጣበት ኪት ካለ እሱን ውሰዱ፤ በዚህ የሚቀር ትምህርት የለም።

ዴዚ ሲድ ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በላይ መያዝ ይችላል። የኤሌክትሮ-ስሚዝ ሥራ የሆነው ይህ ቦርድ በ480 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ አርም ፕሮሰሰርና 64 ሜጋ ባይት ሜሞሪ አለው፤ ዜማን ቀድቶ ደጋግሞ ማጫወት ለሚፈልግ ሰው ከሦስቱ የሚመለከተው ይህ ብቻ ነው። ቦርዱ ተሠርቶ ስለሚመጣ ብየዳው ቀላል ነው፤ 40 እግር፣ ማዞሪያዎችና የኬብል መሰኪያዎች። ሆኖም ብየዳው ሲያልቅ ሥራው ገና ይጀምራል። ፕሮግራም እስኪጫንበት ድረስ ምንም ኢፌክት አይሰጥም። በሲ ፕላስ ፕላስ ወይም በፒዩር ዳታ የፕሮግራም ቋንቋ መሥራት ለሚወድ ሰው ይህ ደስታ ነው፤ መጫወት ብቻ ለሚፈልግ ግን ሸክም ነው። የቅርብ ተፎካካሪው ቲንሲ 4.1 በ600 ሜጋ ኸርዝ ይፈጥናል፣ ኢፌክቶቹንም በኮምፒውተር ማሰሻ ላይ መስመር እየሳሉ ማያያዝ ይቻላል፤ የድምፅ ቦርዱ ግን ለብቻው ይገዛል፣ የራሱ የድምፅ ላይብረሪም በ16 ቢት ነው የሚሠራው።

ሌላ ልትጠይቁት የሚገባ ነገር፦ ንጹሑ የጊታር ድምፅ በየት በኩል ያልፋል? በብዙ የፒቲ2399 እና የኤፍቪ-1 ኪቶች ንጹሑ ድምፅ ወደ ዲጂታል ሳይለወጥ በቀጥታ ያልፍና ኢፌክቱ ብቻ ይደባለቅበታል። በዴዚ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ተለውጦ ይመለሳል፤ መዘግየቱ 1 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ሊሆን ስለሚችል ጣት አይሰማውም፣ የመግቢያው ክፍል ግን ጥሩ ካልሆነ ድምፁ ይደበዝዛል። ለጊታር የሚሆን መግቢያ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው (ኢምፒዳንሱ) 1 ሜጋ ኦም አካባቢ መሆን አለበት።

እኔ ብመርጥ ኤፍቪ-1ን እወስዳለሁ፤ ሪቨርቡ ዛሬም ያስደስተኛል፣ ፕሮግራሙንም ልለውጠው እችላለሁ። በየትኛውም ኪት ግን የሰርኪዩት ሥዕሉንና በየነጥቡ ሊነበብ የሚገባውን ቮልት የያዘ መመሪያ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ። መመሪያውን ከግዢ በኋላ ብቻ የሚያሳይ ሻጭ ዘንድ እኔ አልገዛም።