በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የተጠየቀ ፊርማ፦ የአንድ ሜሪላንድ ሆስፒታል የአራስ ሕፃናት አገልግሎት

ሁለተኛ ልጄን የወለድኩት ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም በማይርቅ የሜሪላንድ ከተማ ውስጥ በሚገኝ ሆስፒታል ነው። ስሙን የማልጠቅሰው ቅሬታዬ የአንድ ሆስፒታል ብቻ ጉዳይ ስላልመሰለኝ ነው፤ በሌሎች ሆስፒታሎች የወለዱ ሁለት ጓደኞቼም ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነገር ነግረውኛል። የምገመግመው የአልጋውን ምቾት ወይም የምግቡን ጣዕም ሳይሆን፣ ሕፃኑ ከተወለደበት ደቂቃ አንስቶ ወደ ቤት እስክንሄድ ድረስ በነበሩት 48 ሰዓታት የተደረጉለትን የተለመዱ ሕክምናዎችና ስለ እያንዳንዳቸው እኛ ወላጆቹ የተጠየቅንበትን መንገድ ነው። ለሕክምናው ከ5 ኮከብ 5፣ ለአጠያየቁ ግን 2 ሰጥቻለሁ።

የመጀመሪያ ልጄን አዲስ አበባ በመንግሥት ሆስፒታል ስወልድ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ዓይኗን ቴትራሳይክሊን ቀቧት፣ ጭኗ ላይ ቫይታሚን ኬ ወጓት፣ ከመውጣታችን በፊት ክንዷ ላይ የቢሲጂ ክትባት፣ በአፏ ደግሞ የፖሊዮ ጠብታ ሰጧት፤ እኔም «ሲስተር፣ ምን ነበር የሰጣችኋት?» ብዬ የጠየቅኩት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነበር። እዚህ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ለመርፌውም ለክትባቱም አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ይፈረማል፤ ይህም የሚመሰገን ነው። እኔን ያስከፋኝ ፈቃዱ የሚጠየቅበት ሰዓት ነው።

ልጄ የተወለደው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እትብቱን ከመቁረጣቸው በፊት አንድ ደቂቃ ያህል ጠበቁ፣ ወዲያውም ደረቴ ላይ አስተኙት፤ እስከዚህ ድረስ ቅር ያሰኘኝ ነገር አልነበረም። ግማሽ ሰዓት እንዳለፈ ግን ነርሷ የስምምነት ቅጹን ይዛ መጣች። ሰውነቴ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ባለቤቴ ወደ አገር ቤት እየደወለ ያበስራል፤ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ ደግሞ እልልታዋን አቅልጣ ገና መቀመጧ ነው። እንግሊዝኛ ለሥራዬ ይበቃኛል፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት የሕክምና ቃላትን አንብቤ ለመረዳት ስለማልችል የአማርኛ አስተርጓሚ ጠየቅኩ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚን ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ ስላለበት አላንገራገሩም፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ታብሌት የተገጠመበት ባለ ጎማ መቆሚያ እየተገፋ ገባ። ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። አስተርጓሚው የቅጹን የመጀመሪያ መስመር «የዓይን መከላከያ» ብሎ ሲያነብ እናቴ ቀና ብላ «ቡዳ እዚህም አለ እንዴ?» አለች። ነርሷ ለምን እንደሳቅን አልገባትም፤ እኛም ልናስረዳት አቅም አልነበረንም።

ከቅጹ ሁሉ ያለ ማመንታት የፈረምኩት የቫይታሚን ኬ መርፌን ነው። ሕፃን ሲወለድ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከእንግዴ ልጅ የሚያልፍለት አነስተኛ ነው፣ የእናት ጡት ወተትም ብዙ የለውም፣ ቫይታሚኑን የሚያመርቱት የአንጀት ባክቴሪያዎችም ገና አልተባዙም። ይህ ቫይታሚን ከሌለ ደም አይረጋም። አደገኛው ነገር መድማቱ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ሳይወሰን፣ ጤነኛ መስሎ ወደ ቤት የሄደ ሕፃን ላይ እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ድንገት ሊከሰት መቻሉ፣ ያም ብዙ ጊዜ አንጎል ውስጥ መሆኑ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል እንደሚለው፣ መርፌውን ያልወሰደ ሕፃን ይህ ዘግይቶ የሚመጣ መድማት የሚያገኘው ዕድል ከወሰደው በ81 እጥፍ ይበልጣል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ መርፌውን የሚመክረው ከ1961 ጀምሮ ነው (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከጓደኞቼ አንዷ «ካንሰር ያመጣል» የሚል መልእክት ልካልኝ ነበር፤ ይህ ፍርሃት በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ አገር ከወጣ አንድ ጥናት የመነጨ ሲሆን፣ በኋላ የተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶች ግንኙነቱን አላገኙትም። ነርሷ መርፌውን የወጋችው ልጁ ጡት እየጠባ ሳለ ነው፤ ለአፍታ አለቀሰና ወደ ጡቱ ተመለሰ። እንዲህ ያለውን ጥበብ አዲስ አበባ አላየሁም ነበር፤ ወደፊትም የምትወልድ ሁሉ «እያጠባሁ ይወጋ» ብላ ብትጠይቅ እመክራለሁ።

የዓይን ቅባቱ ክብደት ከዚህ ይለያል። ታሪኩ የሚጀምረው በ1880 ካርል ክሬዴ የተባለ የላይፕዚግ ሐኪም በአራሶች ዓይን ውስጥ የብር ናይትሬት ጠብታ በማድረግ፣ ጨብጥ ካለባት እናት በወሊድ ጊዜ የሚተላለፈውንና ሕፃናትን ያሳውር የነበረውን በሽታ መከላከል ሲችል ነው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የሚቀባው ኤሪትሮማይሲን ሲሆን በብዙ ግዛቶችም በሕግ የታዘዘ ነው። በአንጻሩ የካናዳ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ለሁሉም ሕፃን መቀባቱ እንዲቀርና በምትኩ እናቶች በእርግዝና ጊዜ እንዲመረመሩ በ2015 መክሯል። እኔ በእርግዝናዬ ለጨብጥና ክላሚዲያ ለተባለው ሌላ የአባላዘር በሽታ ተመርምሬ ነፃ ነበርኩ፤ ስለዚህ ልጄ ከቅባቱ የሚያገኘው ጥቅም ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ሆኖም ጉዳቱ ዓይኑን ለጥቂት ጊዜ ከማደብዘዝ ያለፈ ባለመሆኑ ተቀበልኩ፤ የጠየቅኩት በመጀመሪያው ሰዓት ፊቴን እንዲያየኝ እስኪጠባ ድረስ እንዲቆይ ብቻ ነበር። ነርሷ ወዲያው ተስማማች። ማቆየት እንደሚቻል ግን እኔ ባልጠይቅ ማንም አይነግረኝም ነበር።

ጉበትን ከሚያጠቃ ቫይረስ በሚከላከለው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ላይ ከባለቤቴ ጋር ትንሽ ተከራከርን። እሱ «አንቺ ነፃ ከሆንሽ ለምን በመጀመሪያው ቀን?» አለ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የእኔ መልስ ግን እኛ ከመጣንበት አገር ጋር የተያያዘ ነበር። ይህ ቫይረስ ኢትዮጵያ ውስጥ ብርቅ አይደለም፣ በየቤቱ «የወፍ በሽታ» እየተባለ የሚታለፈው ሁሉ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀራል፤ ልጁን ሊያቅፍ የሚመጣው ዘመድ ደግሞ በእርግዝና ጊዜ እንደ እኔ ደሙን አልተመረመረም። በወሊድ ጊዜ ወይም በመጀመሪያው ዓመት በቫይረሱ የተያዙ ሕፃናት 10 ቢሆኑ 9ኙ ዕድሜ ልክ ተሸካሚ ሆነው ይቀራሉ፤ አዋቂ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱን ራሱ ያስወግደዋል። ክትባቱ ለሁሉም ሕፃን እንዲሰጥ አሜሪካ ውስጥ ከ1991 ጀምሮ ሲመከር ቆይቷል፤ በዲሴምበር 2025 የፌዴራሉ መንግሥት የክትባት አማካሪ ኮሚቴ ከቫይረሱ ነፃ የሆነች እናት ልጅን ጉዳይ ለወላጅና ለሐኪም ውሳኔ ሲተወው፣ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ይሰጥ የሚለውን ምክሩን አልለወጠም። ባለቤቴ በመጨረሻ የተስማማው አስተርጓሚው አጣድፎት ሳይሆን፣ በማግስቱ ጠዋት የሕፃናት ሐኪሟ አጠገባችን ተቀምጣ በእርጋታ ስላስረዳችው ነው። ይህች ሐኪም ለብቻዋ አምስት ኮከብ ይገባታል፤ ማንኛውንም ነገር «ግዴታ ነው» ሳትል ምክንያቱን ትናገር ነበር።

የተረከዝ ደም ምርመራው እናቴን ያስደነገጠ ነው። የአንድ ቀን ልጅ ተረከዝ ተወግቶ አምስት ክብ ምልክቶች ባሉበት ወፍራም ወረቀት ላይ ደሙ ሲንጠባጠብ ስታይ «ምን አጥፍቶ ነው?» ብላ ፊቷን አዞረች። እኔ ግን ሁለት ምርመራ ብቻ ምረጪ ብባል ይህንን አንደኛ አደርገዋለሁ። ሮበርት ገትሪ የተባለው ተመራማሪ ራሱ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ አባት ነበር፤ ከዘመዶቹም አንዷ ፌኒልኬቶኑሪያ በተባለ በሽታ አእምሮዋ ተጎድቶ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይህን በሽታ በደረቀ የደም ጠብታ የሚለይበትን መንገድ አገኘ፤ ዛሬ በዚያው ዓይነት ወረቀት ሜሪላንድ ከ50 በላይ በሽታዎችን ትመረምራለች። ለምሳሌ የእንቅርት ዕጢው በትክክል የማይሠራ ሕፃን ሲወለድ ምንም አይታይበትም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከታወቀ በቀን አንዲት እንክብል እየተሰጠው እንደማንኛውም ልጅ ያድጋል፣ ካልታወቀ አእምሮው ይጎዳል። ሆስፒታሉ እዚህ ላይ ያጎደለው ነገር አለ፦ በሜሪላንድ ሁለተኛ የደም ናሙና ከአሥር ቀን በኋላ እንደሚወሰድ ማንም አልነገረንም፤ ያወቅነው የሕፃናት ሐኪሟ ቢሮ ስንሄድ ነው። እናቴም ለሁለተኛ ጊዜ ፊቷን አዞረች።

የመስማት ምርመራው ልጁ ተኝቶ ሳለ ተደርጎ አለቀ። ከ24 ሰዓት በኋላ በቀኝ እጁና በእግሩ ላይ መብራት ያለው ትንሽ መሣሪያ አስረው በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ለኩ፤ ከባድ የልብ ጉድለትን ሕፃኑ ሳይጠቁር በፊት የሚያሳይ፣ የማያም ነገር ነው። ቢጫ መሆን አለመሆኑንም በግንባሩ ላይ በሚደረግ መለኪያ አዩ። በእነዚህ ላይ የሚያከራክር ነገር አላየሁም።

ብዙ ያከራከረን ግርዛት ነው። ሕፃኑ ወንድ ስለሆነ ከወለድኩበት ሌሊት አንስቶ እስክንወጣ ድረስ ሦስት የተለያዩ ሰዎች «ዛሬ ይገረዝ?» ብለው ጠየቁን። አንዷ ነርስ አስተርጓሚው እስኪመጣ አልጠበቀችም፤ ልጁን ልትወስደው አልጋውን መግፋት ጀምራ ባለቤቴ አስቆማት። መገረዙን እኛም እንፈልገዋለን፤ ነገር ግን እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት በስምንተኛው ቀን እንዲሆን ነው። በሕክምና በኩልም ቢሆን የሚያስቸኩል ነገር የለም፤ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2012 ጥቅሙ ከጉዳቱ ቢያመዝንም ለሁሉም ወንድ ልጅ እንዲደረግ ለመምከር እንደማይበቃ ገልጾ ውሳኔውን ለወላጆች ትቶታል። ሆስፒታሉ ከቸኮለበት ምክንያት አንዱ ኢንሹራንስ ይመስለኛል፤ ከወጣችሁ በኋላ ሌላ ክሊኒክ፣ ሌላ ቀጠሮ፣ ምናልባትም ከኪስ የሚወጣ ክፍያ ይኖራል። እኛም ጥቂት ስልክ ደውለን በስምንተኛው ቀን የሚሠራ ሐኪም አገኘን፤ በማደንዘዣ መርፌ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። እዚያም የመጀመሪያው ጥያቄ «ቫይታሚን ኬ ወስዷል?» የሚል ነበር። «ስምንተኛው ቀን ከደረሰ ደሙ ራሱ ይረጋል» የሚሉ ወዳጆች ይህን ልብ ቢሉ ጥሩ ነው። በነገራችን ላይ አማርኛችን ለወንዱም ለሴቷም «ግርዛት» የሚለውን አንድ ቃል ስለሚጠቀም አስተርጓሚዎች ሊጠነቀቁ ይገባል፤ የሴቷ በኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ሆነ በአሜሪካ ሕግ ወንጀል ነው፣ ለምርጫ የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም።

እናቴና ሆስፒታሉ የተስማሙባቸውም ያልተስማሙባቸውም ነገሮች ነበሩ። ልጁ ወዲያው እንዲታጠብ ፈልጋ ነበር፤ እነሱ ግን ሙቀቱ እንዳይወርድና ጡት መያዙ እንዳይስተጓጎል 24 ሰዓት አቆዩት፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ከአገር ቤት ያመጣችውን ለጋ ቅቤ ልታስልሰው ስትል ደግሞ ነርሷ ሳትቆጣና ሳትስቅ፣ እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ምንም እንደማይሰጠው በአስተርጓሚ አስረዳቻት፣ ቀጥላም «ቅቤው ለእናትየው ገንፎ ይሁን» አለቻት። እናቴ እስከ ዛሬ ይህችን ነርስ ታነሳታለች።

በዚህ ሆስፒታል ለመውለድ ለሚያስቡ የምለው፣ ሕክምናውን ሳትሰጉ ሂዱ፣ ቅጹን ግን ሌሊቱን አትጠብቁት። በ36ኛው ሳምንት ክትትል ላይ «ልጁ ሲወለድ የምታስፈርሙንን ወረቀት አሁን ስጡን» ብላችሁ ጠይቁ፤ እኔ በኋላ ስጠይቅ ወረቀቱ ምንም ምስጢር እንደሌለበትና አስቀድሞ መውሰድ እንደሚቻል ተነግሮኛል። ቤት ወስዳችሁ አንብቡት፣ ተከራከሩበት፣ የተስማማችሁበትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከልብስ ሻንጣው ጋር አስቀምጡት። የአማርኛ ወረቀት ግን አትጠብቁ። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ቅጾቻቸውን በአማርኛ ይተረጉማሉ፤ ድንበሩን ተሻግሮ ያለው ይህ ሆስፒታል ግን፣ በአዳራሹ ውስጥ አማርኛ ሳይሰማ የሚውልበት ቀን ባይኖርም፣ ከእንግሊዝኛ ሌላ የነበረው ወረቀት በስፓኒሽ ብቻ ነው።

ከወጣን ከሁለት ሳምንት በኋላ የደንበኞች እርካታ መጠይቅ በኢሜይል ደረሰኝ። ስለ ክፍሉ ንጽሕና፣ ስለ ምግቡና ስለ መኪና ማቆሚያው ጠይቀውኛል፤ ስለ ስምምነት ቅጹ ጥያቄ አልነበረም። ለአስተያየት በተተወው ቦታ ላይ ቅጹ ከወሊድ በፊት እንዲሰጥ፣ በአማርኛም እንዲተረጎም፣ ለትርጉሙም ፈቃደኛ ሆኜ ማገዝ እንደምችል ጻፍኩ። ልጁ አሁን አራት ወር ሞልቶታል፤ መልስ ግን አልመጣም።