የአባቴን ባቄላ ሥር ቆፍራ ላሳየችን ባለሙያ

ደብረ ብርሃን አካባቢ ባቄላ የሚዘራ ዘመድ ያላችሁ ይህን አንብባችሁ ንገሩልኝ። የአባቴን ቀበሌ የግብርና ባለሙያ በሰው ፊት ላመሰግናት ነው። ስሜ አይጻፍ ስላለች አልጽፈውም።

ካቻምና አባባ ሕያው ማዳበሪያ ገዝተው ዘሩና ምንም ለውጥ አላዩም። ተዉት። ዓምና ሰኔ ላይ ይህች ልጅ ቤት ድረስ መጥታ ፓኬቱ የት ተቀምጦ እንደነበር ጠየቀቻቸው። ለካ ሱቁ ደጅ ላይ ፀሐይ ሲመታው ከርሟል፣ እሳቸውም ዘሩን በዱቄቱ አሽተው እስከ ረፋድ ሜዳ ላይ አቆይተውታል። «አባባ፣ ሞቶ ነዋ የተዘራው!» አለቻቸው። ውስጡ ያለው ራይዞቢየም የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ነፍስ አለው፣ ሙቀት ይገድለዋል።

ከዚያ በእጇ አሳየቻቸው። ለአንድ ጥማድ 125 ግራሟ ፓኬት ትበቃለች። ዱቄቱ እንዲይዝ ዘሩን በስኳር ውኃ ረጠብ አድርጎ ጥላ ውስጥ ማሸት፣ ወዲያው ዘርቶ አፈር ማልበስ። የባቄላው ለባቄላ ነው፣ ለሽምብራ ሌላ አለው። ማሳውንም ለሁለት አስከፍላ ግማሹን ያለ ማዳበሪያው አስዘራቻቸው፤ «እኔን ሳይሆን ማሳውን ይመኑ» ብላ።

ለፍልሰታ እዚያው ነበርኩ። ባቄላው አበባ ይዟል። ከሁለቱም በኩል ቆፍራ አውጥታ ሥሩ ላይ ያሉትን ትንንሽ እባጮች በጥፍሯ ሰነጠቀቻቸው። የታሸው ውስጡ ሥጋ መስሎ ቀልቷል፤ ባክቴሪያው ለባቄላው ምግብ የሚሆነውን ናይትሮጅን ከአየር እየሳበ ነው ማለት ነው። የሌላው ጥቂትና ነጣ ያለ ነው።

ይበልጥ የወደድኩላት ግን እውነት መናገሯን ነው። ጎረቤታችን ቆርምድ የሚባለውን የባቄላ በሽታ «ያድናል?» ሲላት አያድንም አለችው። ባሲለስ የሚባል፣ ሥር ላይ ሰፍሮ በሽታ አምጪ ፈንገስን የሚያዳክም ሌላ የአፈር ባክቴሪያ አለ፣ ይሄ ግን እሱ አይደለም፤ አንተ ማሳህ ላይ ሰብል አፈራርቅ፣ የታመመውን ገለባ ማሳ ላይ አትተው አለችው። የዘር መድኃኒትም አብራችሁ አትሹ፣ ባክቴሪያውን ሊፈጅባችሁ ይችላል።

ለየብቻ ሲወቃ የታሸው ግማሽ ጥማድ አንድ ኩንታል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ብልጫ ሰጠ።

ሰኔ ሳይገባ የቀበሌያችሁን ባለሙያ ጠይቁ። የማብቂያ ቀኑን እዩ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ፓኬት አትግዙ።

እህቴ፣ በዚያ ጭቃ እየተመላለስሽ ስለደከምሽልን እግዜር ይስጥልን። አባባ ከአሁኑ «ያቺ ልጅ መቼ ነው የምትመጣው?» እያሉ ነው።