ለልጄ ዓይን ለደረሰችላት የአለርት ቆዳ ሐኪም

የልጄ ዐይን ቆብ ላይ ነጭ ነገር መውጣት የጀመረው አምና ነው። መጀመሪያ በቀኝ ዓይኗ ጥግ ታየ፣ ከዚያ በግራም መጣ። ያየ ሁሉ የመሰለውን ተናገረ። አንዷ "የሌሊት ወፍ ሸንቶባት ነው" አለች። ሌላዋ "ይተላለፋል፣ ፎጣዋን ለዩ" አለች። አንድ ፋርማሲ ደግሞ ያለ ማዘዣ ጠንካራ የስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣት ማብረጃ) ክሬም ሸጠልን፤ እስከ መቼ እንደሚቀባ እንኳ የነገረን የለም።

በመጨረሻ አዲስ አበባ፣ አለርት ሆስፒታል ቆዳ ክፍል ሄድን። እዚያ ያየችንን ዶክተር ሳላስፈቅዳት ስሟን አልጽፍም። ይህን ካነበበች ግን ራሷን ታውቃለች።

ልጄን ዓይኗን አስጨፍና የክፍሉን መብራት አጠፋች። ወይን ጠጅ ብርሃን ያለው ትንሽ መብራት አስጠጋች። ነጩ ቦታ ቦግ ብሎ ወጣ። እኛ ያላየነው ሌላ ነጥብም ከቅንድቧ ሥር ታየ። "ቪቲሊጎ ነው፣ ለምጽ የምንለው" አለች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ልጄ አዞረች። "ለቆዳሽ ቀለም የሚሰጡ ሴሎች አሉ። የሰውነትሽ መከላከያ ተሳስቶ እነሱን እያጠቃ ነው። አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም። ከማንም አልያዘሽም፣ ማንንም አይዝም።" ልጄ ትምህርት ቤት ሄዳ ይህንኑ ቃል በቃል ለጓደኞቿ ነገረቻቸው።

ክሬሙን እንዳየች አስቆመችው። የዐይን ቆብ ቆዳ በጣም ስስ ነው። ጠንካራ ስቴሮይድ እዚያ ሲቆይ ቆዳውን ይበልጥ ያሳሳዋል፤ የዓይን ግፊት ሊጨምር፣ ሞራም ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ዓይን ሐኪም ጋ ልካ ግፊቷን አስለካችልን። ተመስገን፣ ደህና ነበር። ከቪቲሊጎ ጋር የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ችግር አብሮ ሊኖር ስለሚችል የደም ምርመራም አዘዘች።

በምትኩ የሰጠችን ስቴሮይድ ያልሆነ፣ ታክሮሊመስ የሚባል ቅባት ነው። አቀባቡን ራሷ በመስታወት አሳየችን፦ የስንዴ ፍሬ የምታህል፣ በቀለበት ጣት፣ ነካ ነካ እያደረጉ፣ ወደ ዓይን ውስጥ ሳይገባ። "መጀመሪያ ሰሞን ያቃጥልሻል፣ አትደንግጪ" አለቻት። እውነትም አቃጠላት፣ ከዚያ ለቀቃት። ቆዳው ሲፈተግ አዲስ ነጭ ሊወጣ ስለሚችል ዓይኗን እንዳታሽ አስጠነቀቀቻት። ለፀሐይ ባርኔጣና መነፅር አለችን። ጸበል እንደምንሄድ ስነግራት "ሂዱ፣ ፊቷን ብቻ በፎጣ አትፈትጓት" አለችኝ። እምነታችንን ሳትነካ እንዲህ ማለቷን መቼም አልረሳውም።

ባዶ ተስፋም አልሰጠችንም። ለውጡ ወራት እንደሚፈጅ፣ ነጭ የሆነ ሽፋሽፍት በቅባት እምብዛም እንደማይመለስ፣ ቅባቱ ካልበቃ የብርሃን ሕክምና እንዳለ ነገረችን። አሁን ከዳር ከዳር ቡናማ ቀለም እየገባ ነው። የውስጠኛው ጥግ ገና ነጭ ነው። ልጄ ግን ፎቶ ስትነሳ ፊቷን ማዞር ትታለች። ዶክተር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ ውለታሽን እሱ ይክፈልሽ።

የአለርት ስም ከሥጋ ደዌ ጋር ስለሚነሳ እዚያ መሄድ የሚያፍሩ አሉ። እባካችሁ አትፈሩ። ለብዙ ዓመታት የቆዳ ሕመም ሲያክም የኖረ ቤት ነው። ዘነበወርቅ፣ ጅማ መንገድ ላይ ታገኙታላችሁ። ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፉና በጠዋት ድረሱ። እስካሁን የቀባችሁትን ሁሉ ከነቱቦው ይዛችሁ ሂዱ፣ የእኛዋ ዶክተር መጀመሪያ የጠየቀችን እሱን ነው።