ሐዋሳ ፒያሳ ያለ ዳታ የሚያዛውር ቤት፦ በፒችትሪ ጎበዝ፣ በኤክሴል ችኩል

ፒያሳ ካሉት ኮምፒውተር ቤቶች አንዱ ከድሮ ኮምፒውተር ወደ አዲስ ዳታ ያዛውራል። ደንበኞቹ ባብዛኛው ሱቆች፣ ፔንሲዮኖችና የሂሳብ ሠራተኞች ናቸው። ፎቶና ቪዲዮ ብቻ ያለው ሰው እዚያ ቢሄድ ትርፉ ድካም ነው፤ ኤክስተርናል ዲስክ ተውሶ ራሱ ይገልብጥ። ዲስኩ ፎርማት የተደረገው ፋት32 በሚባለው ዓይነት ከሆነ ግን ባዶ ቦታ ቢተርፈውም 4 ጊጋባይት የሚሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም። ውስጡ ያለውን ሌላ ቦታ አስቀምጦ በኤክስፋት ፎርማት ማድረግ ነው።

ቤቱ የሚመሰገነው ፒችትሪ በተባለው የሂሳብ መያዣ ሶፍትዌር ነው። የድርጅቱን ፎልደር ዝም ብለው ኮፒ አያደርጉም፤ ከድሮው ማሽን ባክአፕ ይዘው፣ የወጣውን የፒቲቢ ፋይል በአዲሱ ላይ ሪስቶር ያደርጋሉ። አስቀድመው የሁለቱን ቨርዥን ይጠይቃሉ፤ በአዲስ ቨርዥን የተያዘ ባክአፕ በአሮጌው አይከፈትምና። ሪስቶር ሲያደርጉም በነባሩ ላይ ሳይሆን እንደ አዲስ ድርጅት ያስገቡታል፤ አንድ ነገር ቢበላሽ የቀድሞው አይነካም። በመጨረሻ ከሁለቱም ማሽን ትሪያል ባላንስ (የሁሉም ሂሳቦች ቀሪ ዝርዝር) አውጥተው ጎን ለጎን ያመሳክራሉ። ለዚህ ብቻ እንኳ ክፍያው አያስቆጭም።

ኤክሴል ላይ ሲደርሱ ግን ይቸኩላሉ። ከአንዱ ሲስተም በሲኤስቪ (በኮማ በተለየ ተራ የጽሑፍ ፋይል) የወጣውን የደንበኞች ዝርዝር ደብል ክሊክ አድርገው ይከፍቱና መልሰው ሴቭ ያደርጉታል። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። በ0 የሚጀምር ስልክ ቁጥር ዜሮው ይቆረጣል። 13 አሃዝ ያለው የንግድ ባንክ ሂሳብ ቁጥር አጥሮ 1E+12 ዓይነት ሆኖ ይታያል፤ እንደዚያው በሲኤስቪ ሴቭ ከተደረገ የኋለኞቹ አሃዞች ጠፍተው ይቀራሉ። በአማርኛ የተጻፈው ስም ደግሞ ዩቲኤፍ-8 የሚባለው የፊደል አቀማመጥ ካልተመረጠ የጥያቄ ምልክት ክምር ይሆናል።

ከሁሉ የሚብሰው ቀን ነው፤ ኤክሴል የእኛን ቀን የፈረንጅ አድርጎ ያነበዋል። ጥቅምት 30 ለማለት 30/2/2016 ቢጻፍ፣ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌላቸው ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጣል፤ ይህስ ደግ ነው፣ ቢያንስ ይታያል። ጳጉሜን 5 ለማለት የተጻፈውን 5/13/2016 ግን በአሜሪካ አቀማመጥ ያለ ኮምፒውተር ሜይ 13 አድርጎ ይወስደዋል፣ ማስጠንቀቂያም የለውም።

ስለዚህ ፋይሉን በደብል ክሊክ እንዳይከፍቱት አስቀድሞ መንገር ነው። ዳታ ከሚለው ሜኑ ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ ተብሎ፣ ፋይል ኦሪጅን ላይ 65001 ዩኒኮድ ይመረጣል። ቀጥሎ ትራንስፎርም ዳታ ውስጥ የስልክ፣ የሂሳብ ቁጥርና የቀን ኮለሞች ቴክስት ይደረጋሉ። ሴቭ ሲደረግም ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8 የሚለው ነው፤ ከሥሩ ያለው ተራው ሲኤስቪ አይደለም።

ሌላው ስጋት ፍላሽ ነው። የመቀበያው ኮምፒውተር ዲፌንደሩ (የዊንዶውስ አንቲቫይረስ) ጠፍቷል፤ ከቴሌግራም የሚያወርዱት ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ስለሚል። ፋይሉ የሚመጣውም ፓስወርድ ባለው ዚፕ ነው፤ ካልተፈታ አንቲቫይረስ ውስጡን አያይም። ከዚያ ቤት የተመለሰ ፍላሽ ሳይከፈት ስካን ይደረግ። ፎልደሮቹ ቀስት ያለባቸው ሾርትከት ሆነው ከተገኙ አይጫኑ፤ ዋናዎቹ ባብዛኛው እዚያው ተደብቀው ነው ያሉት። ከስካን በኋላ የተደበቁ ፋይሎችን እንዲያሳይ ማዘዝና የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት ማንሳት ያወጣቸዋል። የፋይል ማብቂያዎች እንዲታዩም ይደረግ፤ አለዚያ «ደረሰኝ.ፒዲኤፍ.ኢኤክስኢ» የሚለው ፕሮግራም «ደረሰኝ.ፒዲኤፍ» መስሎ ይታያል። ያጠራጠረ መጫኛ ቫይረስቶታል በተባለው የፋይል መመርመሪያ ድረ ገጽ ላይ መመርመር ይቻላል፤ የደንበኞች ዝርዝርና የሂሳብ ባክአፕ ግን እዚያ አይጫንም፣ የተጫነ ፋይል ለሌሎች የደህንነት ድርጅቶችም ይደርሳልና።

ሥራው ሲያልቅ የድሮውን ዲስክ በነፃ ፎርማት እናድርግላችሁ ይላሉ። በአዲሱ ማሽን የአንድ ወር ሂሳብ ሳይዘጋ እሺ አይባልም።