ስምንት ወር በበረሃ ተራራ ላይ የቆየው ጫማዬ

ይህን የተራራ ጫማ ባለፈው ጥቅምት ላስ ቬጋስ ውስጥ በ160 ዶላር ገዛሁት። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ከቆዳና ከወፍራም ጨርቅ የተሠራ፣ ውሃ የሚከላከል ገበር የሌለው ዓይነት ነው። እስካሁን ስድስት ጊዜ ተርትልሄድ ፒክ ጫፍ ድረስ ወጥቼበታለሁ።

ተራራው የሚገኘው ከከተማው በስተምዕራብ፣ ሬድ ሮክ ካንየን ውስጥ ነው። ከፍታው ከ1,900 ሜትር ያልፋል። ደርሶ መልሱ ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም 600 ሜትር ያህል አቀበት አለው። መጀመሪያ ላይ መንገድ አለ፤ ሰርጡ ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን ዱካው ይበታተናል። ሰዎች ለምልክት የከመሩት ድንጋይ አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ይጠራል። ከዚያ በኋላ የሚታመነው የራስ ዓይንና የጫማ ሶል ነው።

ጉዞው የሚጀመረው ከቀዩ የአሸዋ ድንጋይ ላይ ነው። መኪና የማቆምበት ስፍራ ከ1905 እስከ 1912 ድንጋይ ይፈለጥበት ነበር፤ ያኔ የተጠረቡት ግዙፍ ድንጋዮች ዛሬም ተደራርበው ይታያሉ። ማሰሪያዬን የማጠብቀው እነሱ ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው። በደረቅ የአሸዋ ድንጋይ ላይ ሶሉ ፍጹም አያንሸራትትም፤ በዚህ ረገድ ከዚህ በፊት የነበሩኝን ጫማዎች ሁሉ ይበልጣል። ከዝናብ በኋላ ግን አልወጣም። የአሸዋ ድንጋይ ሲርስ እየተሰበረ በእጅ ይቀራል፤ ያን ጊዜ የትኛውም ጫማ አያድንም።

ከፍ ሲሉ ግራጫው የኖራ ድንጋይ ይመጣል። በዕድሜ ከቀዩ በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት ይበልጣል፤ የምድር ቅርፊት ሲገፋፋ አሮጌው በአዲሱ ላይ ወጥቶ ስለተቀመጠ አናቱን የያዘው እሱ ነው። ዝናብ እያሟሟ ስለበላው ላዩ እንደ ሞረድ ሻካራ ነው። ጫማዬን የበላው ይህ ድንጋይ ነው። በአራተኛው ወር የቀኙ አፍንጫ ተላጠ። በአምስተኛው ወር ደግሞ በሰርጡ ናዳ ላይ ስወርድ የግራው ሶል ከፊቱ አንድ ጣት ያህል ተላቀቀ፤ በእያንዳንዱ እርምጃ አፉን እየከፈተ ኮረት ይዝቅ ጀመር። በትርፍ ማሰሪያ ጠፍሬው ቀስ ብዬ ወረድኩ። ቤት ስደርስ አቧራውን በብሩሽ አጽድቼ፣ ማስቲሽ ቀብቼ፣ ከባድ ነገር ተጭኖበት እንዲያድር አደረግሁ። 160 ዶላር የተከፈለበት ጫማ አምስት ወር ሳይሞላው እንዲህ መሆኑ በጣም አናዶኛል። ማስቲሹ ግን እስካሁን አልለቀቀም።

ውሃ የሚከላከል ገበር የሌለው መሆኑን ወድጄዋለሁ። በረሃ ውስጥ እግርን የሚያርሰው ላብ ነው፤ ይህ ጫማ ላቡን ያስወጣል፣ ቶሎም ይደርቃል። ጨርቁ ግን እሾህ አይችልም። እንደ አገራችን ቀንጠፋ ጥፍሩን ወደ ኋላ ያጎበጠ ቁጥቋጦ አለ፤ ሁለት ቦታ ቀዶታል። የቁልቋሉ መርፌም ጨርቁን አልፎ ይገባልና ወረንጦ ከኪሴ አይጠፋም።

ስለ ቁጥሩ ላስጠንቅቅ። እኔ በልኬ ገዝቼ፣ በመጀመሪያው ቁልቁለት የሁለቱም አውራ ጣቶቼ ጥፍር ጠቆረ። አብሮኝ የሚወጣ አንድ ታላቄ አለ፤ በሁለተኛው ጉዞ ጫፉ ላይ ተቀምጠን ከተማዋን ስናይ፣ «ወንድሜ፣ ከመውረድህ በፊት ማሰሪያህን ፈትተህ፣ ተረከዝህን ወደ ኋላ ገፍተህ እንደገና እሰር» አለኝ።

«ጠብቋል እኮ፣ ጋሼ» አልኩት።

«የጠበቀው ለአቀበቱ ነው። ለቁልቁለቱ ቁርጭምጭሚትህ ላይ አጥብቀው፤ ጣቶችህን ለቀቅ አድርጋቸው።»

እንዳለኝ አደረግሁ፤ ከዚያ ወዲህ ጥፍሬ አልተነካም። ቢሆንም ግማሽ ቁጥር ከፍ ያለውን፣ ወፍራም ካልሲ አድርጋችሁ፣ ከሰዓት በኋላ እግር ሲያብጥ ለክታችሁ ግዙ።

አሁን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስላለፈ ጫማው በር ሥር ተቀምጧል። የሶሉ ጥርስ መሃሉ ላይ ገና ነው፤ ተረከዙ ላይ ግን ለስልሷል። ከመጪው ጥቅምት ጀምሮ አንድ የብርድ ወቅት ቢያገለግለኝ ነው። ከዚያ በኋላ ገበር የሌለውን ያንኑ ዓይነት እገዛለሁ፤ የአፍንጫው ጎማ ግን የተለጠፈ ብቻ ሳይሆን የተሰፋም ካልሆነ አልወስድም።