ሜዲኬር ለካንሰር ታካሚ ጥርስ ምን ይከፍላል? የት ላይስ ያስቸግራል?

ሜዲኬር በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው የሚሰጥ የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን ነው። «ሜዲኬር ጥርስ አይነካም» ሲባል የኖረው ለካንሰር ታካሚ አሁን ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ ፓርት ቢ (የሐኪምና የተመላላሽ ሕክምና የሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል) ኬሞ ከመጀመሩ በፊት ወይም እየተሰጠ ሳለ የሚያስፈልገውን የአፍ ምርመራ፣ ራጅና ኢንፌክሽን ማስወገጃ ሕክምና፣ መንቀልን ጨምሮ ይከፍላል። ለካንሰር በከፍተኛ መጠን ለሚሰጡት የአጥንት መድኃኒቶች፣ እንደ ዞሌድሮኒክ አሲድ ላሉትም እንዲሁ። የራስና የአንገት ካንሰር ከሆነማ ሕክምናው ካለቀ በኋላ አፍ ላይ ለሚመጣው ጉዳት ጭምር ይከፈላል።

ሽፋኑ የቅንጦት አይደለም። ለምሳሌ በራስና በአንገት ካንሰር ጨረር ያረፈበት መንጋጋ የደም ዝውውሩ ይዳከማል፤ ከዚያ ወዲያ ጥርስ ቢነቀል ቁስሉ አልድን ብሎ አጥንቱ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የሚነቀል ጥርስ ካለ ጨረሩ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ማለቅ አለበት።

ብዙ ጊዜ ክፍያውን የሚያስከለክለው ወረቀት ነው። ሜዲኬር የሚከፍለው የካንሰር ሐኪሙና የጥርስ ሐኪሙ መነጋገራቸው ፋይል ላይ ሲታይ ብቻ ነው። «ጥርሳቸው ይታይ» የምትል ሪፈራል አታስተማምንም። ደብዳቤው የካንሰሩንና የሕክምናውን ዓይነት፣ የሚጀመርበትን ቀን፣ ጥርሱ ካልታከመ የሚያስከትለውን አደጋ ይጥቀስ፤ የጥርስ ሐኪሙም ያየውንና የሠራውን ጽፎ ይመልስ። የሁለቱንም ቅጂ እጃችሁ ላይ አስቀሩ። ክሌሙ (ለሜዲኬር የሚላከው የክፍያ ጥያቄ) ላይ ደግሞ የበሽታው ኮድና ኬኤክስ (KX) የተባለው ምልክት መግባት አለባቸው፤ ኬኤክስ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ግዴታ ነው። ለሜዲኬር ቢል ማድረግ ያልለመደ ክሊኒክ ይህችን ይረሳል።

እናት አባታችሁን የምታመላልሱ፣ ቀጠሮ ስታስይዙ መጀመሪያ «ዶክተሩ ሜዲኬር ውስጥ ተመዝግበዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልተመዘገቡ ሜዲኬር አይከፍልላቸውም። ሜዲኬር አድቫንቴጅ (በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጥ የሜዲኬር ፕላን) ያላቸውም ይህ ሽፋን አላቸው፤ ግን ክሊኒኩ በልማድ ጣሪያ ወዳለው የፕላኑ የጥርስ ጥቅም እንዳይልከው «ይሄ በሜዲካል ነው የሚሄደው» ብላችሁ አስረግጡ፤ ቅድመ ፈቃድም አስጠይቁ።

ዓመታዊው ዲዳክቲብል፣ ማለትም ሜዲኬር መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው ከኪሱ የሚከፍለው (በ2025 257 ዶላር ነበር) ከተከፈለ በኋላ 20 በመቶው የታካሚው ነው። ትልቁ ጉድለት ግን ሌላ ነው፦ ዴንቸርና ኢምፕላንት (ሰው ሠራሽ ጥርሶች) ኢንፌክሽን ማስወገጃ አይደሉም ተብለው በአብዛኛው አይሸፈኑም። ጥርሱን አስነቅሎ ማኘኪያ መንሳት ለደከመ ታካሚ ከባድ በደል ነው፤ መስተካከል አለበት።

በመደበኛው ሜዲኬር ክሌሙ ውድቅ ከተደረገ፣ ወረቀቱ ከደረሳችሁ ቀን አንስቶ ይግባኝ ለማለት 120 ቀን አላችሁ። ሁለቱን ደብዳቤዎች አያይዛችሁ ላኩ።