ለማኩላ ጉዳት፦ የቫይታሚን እንክብል ወይስ ሲጋራ ማቆም?

በእርጅና ሳቢያ ማኩላው፣ ማለትም ፊት ለፊት ያለውን ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ከዓይን ኋላ ያለ ክፍል፣ መጎዳት ለጀመረ አጫሽ ሁለቱም ይመከራሉ፤ እኩል ግን አይደሉም።

እንክብሉ ቫይታሚን ሲ እና ኢ፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ እንዲሁም ሉቲንና ዚአዛንቲን የተባሉ የዕፅዋት ቀለሞችን ይዟል። በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣ የአሜሪካ ጥናት የቀድሞው ቅንብር በመካከለኛ ደረጃ ላይ ላሉ ሕሙማን በሽታው የመባባስ ስጋቱን በአምስት ዓመት ውስጥ 25 በመቶ ገደማ ቀንሷል። በሽታው ገና ለጀመራቸው ግን ጥቅሙ አልታየም። ያ ቅንብር ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ቤታካሮቲን ነበረበት፤ ይህ ደግሞ የአጫሾችን የሳንባ ካንሰር ስጋት ይጨምራል። እባካችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ሲጋራ ማቆም በየትኛውም ደረጃ ይጠቅማል፤ እኔ የማስቀድመው እሱን ነው።

የጠፋን እይታ ግን ሁለቱም አይመልሱም። የበሩ መቃን ድንገት ተጣሞ ከታያችሁ እንክብል አትጠብቁ፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ዓይን ሐኪም ሂዱ።